ያላለቀ ድንጋይ ለሰው አይታይም

መስከረም 14

ለእህቴ ልጅ፣ ለመርፌዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ፎቅ ድረስ፣ ደረጃ ሳያደክመው፣ በሊፍት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ሊፍት መጠገን ነው፤ ዕድሜ ልኬን ስወጣ ስወርድ ኖሬ ይኸው እዚያው ምድር ቤት አለሁ። ሰኞ ዕለት አንድ ኃላፊ ሊፍት ውስጥ ቀርቶ «የት ነው ያለሁት?» እያለ ሲጮኽ፣ «በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ነዎት ጌታዬ፤ ልክ እንደ ዕድገቴ፣ ተፈቅዶ አልደረሰም» አልኩት። ሳቀና ተረጋጋ። ሲወጣ ግን ስሜን ጠየቀ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የድንጋይ ማጽጃ ቤቱ አለቃሽ፣ ያ ጓንቱን የማያወልቀው ሰውዬ፣ ከተጣለው ክምር አንድ ነጭ እብነ በረድ አንስተሽ ለራስሽ እንድትሠሪው ፈቀደልሽ አይደል? ጫፉ ላይም ሰማያዊ ማዕዘን ብቅ ብሏል? ልጄ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን የሰበሰብኩት ሰማያዊ ድንጋይ፣ ላፒስ ላዙሊዬ ሁሉ፣ ወይ የተሸራረፈ ነው፣ ወይ ዘይት ተቀብቶ ያማረ ነው፣ ወይ ነጋዴው በሙጫ የለጠፈው ነው። ገጹ ሙሉ ሆኖ እብነ በረዱ ላይ እንደ በቀለ የተቀመጠ አንድ ክሪስታል ቁም ሳጥኔ ገብቶ አያውቅም። ይህን ካመጣሽልኝ ጎረቤቴ የጥርስ ሐኪሙ፣ ያ ተፎካካሪዬ፣ በቅናት የራሱን ጥርስ ይነቅላል።

ሳትጠይቂኝ ልምከርሽ። አሲድ እንዳታስጠጊው። እብነ በረዱን ቶሎ ይበላልሻል፤ ግን ሰማያዊውንም አመድ ያስመስለዋል፣ ክፍሉም የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። በመርፌ ብቻ፣ እንደ ቅጽል ስምሽ። ፊት ለፊቱን ክፈቺ፤ ጀርባውን አትንኪ። ጀርባውን የነካ ሰው ክሪስታሉን ከእናት ድንጋዩ አላቆ መዳፉ ላይ ይዞት ይቀራል። ሕጌንም ታውቂያለሽ፤ ያላለቀ ድንጋይ ለሰው አይታይም። የጥርስ ሐኪሙ በሩን ሲያንኳኳ ግማሽ የተሠራውን በኩባያ እከድናለሁ። ኩባያ የሚበዛብን ለዚህ ነው።

እናትሽ ከደብዳቤው ግርጌ የምትጨምረው መስመር የት ሄደ እንዳትይኝ። ቀኝ እጇ ትንሽ ሰንፏል። ሐኪሙ የደም ሥር ጉዳይ ነው፣ ይመለሳል ብሏል። ሲሰፋ የኖረ እጅ ዕረፍት ቢያምረው ምን ይገርማል? ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ


ጥቅምት 22

ለምወድህ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? የእኔ ጤና ደህና ነው። እዚህ መብረድ ጀምሯል፤ ጠረጴዛዬ ከማሞቂያው አጠገብ ስለሆነ ግን ሁሉም ይቀናብኛል።

ድንጋዩን ከሥራ በኋላ ጥቂት ጥቂት እየሠራሁት ነው። በአሸዋ ከረጢት ላይ አስቀምጬ፣ መብራቱን ከጎን አድርጌ፣ አቧራ የሚስበውን ቱቦ እያስጠጋሁ በመርፌ እገፋዋለሁ። እብነ በረዱ እንደ ስኳር ይፈረፈራል፤ ክሪስታሉ ጋ ስደርስ መርፌው ድምፁን ይለውጣል። እስካሁን አንድ ገጽ ወጥቶልኛል፤ አራት ማዕዘን፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል። ቀለሙን ልነግርህ አልችልም። ጠርሙስ ውስጥ ያለ የጽሕፈት ቀለም ወደ መስኮት ሲያነሱት የሚታየው ሰማያዊ ነው። ጫፉ ላይ አንዲት ወርቅ የምትመስል ነቁጥ አለች። አለቃዬ መጥቶ በማጉያ አየውና «ለማን ነው?» አለኝ። ለአጎቴ አልኩት። «ምን ይሠራል?» ሲለኝ ሊፍት ይጠግናል አልኩ። ጓንቱን አወለቀ! ገጹን በባዶ ጣቱ ነካው፤ ሄደ።

«ሰላም ብላሻለች» ያልከው ግን አልጣመኝም። እማዬ ሰላም ብላኝ አታውቅም፤ «ካልሲ ደርቢ» ነው የምትለው። ባለፈው ስደውል ተኝታለች አልከኝ። ከዚያ በፊትም ተኝታ ነበር። ጆሮዋ በስልክ ደህና እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ድምፅዋን ልሰማ እችላለሁ። አንተ ደግሞ እንደ ልማድህ ታስቀኝና ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ምንም እንዳልነገርከኝ የሚገባኝ።

በኅዳር መጨረሻ ዕረፍት አለኝ። ድንጋዩ ባያልቅም ልምጣ? እሷን ማየት እፈልጋለሁ። እውነቱን ጻፍልኝ፤ ልምጣ?

የእህትህ ልጅ


ኅዳር 16

ለመርፌዬ፣

ሰላምና ጤና ከነጓዙ ይክተምብሽ። የዘገየሁት በስንፍና አይደለም፤ በስንፍናም ነው።

አንድ ገጽ ከፍተሽ ልትመጪ? ሰው አንድ እግር ጫማ ለብሶ ሠርግ ይሄዳል? በግራ በኩል ያለውንም ገጽ ክፈቺው። ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው ጠርዙ ስለት የሚያወጣው፤ የጥርስ ሐኪሙም በአንድ ገጽ አይሞትልኝም።

እናትሽን በተመለከተ፣ ደህና እየሆነች ነው። የጎማ ኳስ ተሰጥቷት እጇን ታለማምዳለች። ሐኪሟ ሳቂታ ሰው ነው፤ በጥር ትራመዳለች ብሎኛል። እንግዲህ ፍረጂ፤ አሁን መጥተሽ ተኝታ ከምታዪያት፣ በጥር መጥተሽ በር ላይ ቆማ ብትቀበልሽ አይሻልም? ጸጉሯን ሳታበጥር ለወተት አምጪው እንኳ በር የማትከፍት ሴት ናት። እንዲህ ሆና ብታዪያት ማን ይተርፋል? እኔን ነው የምትገለኝ። አንቺም ድንጋይሽን ጨርሺ፣ እሷም በሽታዋን ትጨርስ፤ ሁለቱም ሲያልቁ ነይ።

«ካልሲ ደርቢ» ብላሻለች። አሁን ጣመሽ?

የአንቺው አጎት


ታኅሣሥ 28

ለጋሼ፣

ሰላም ላንተና ለቤቱ ሁሉ ይሁን።

ግራው ገጽ ወጥቷል። እንዳልከው ጠርዙ ስለት አወጣ፤ መብራቱን ሳዞረው አንዱ ገጽ ሲጠቁር ሌላው ይነዳል። አለቃዬ ለሽያጭ እንዳላስበው እየለመነኝ ነው፤ «እንዲህ ያለ ነገር ለሚወደው ሰው ነው የሚሰጠው» ብሎኝ ራሱ ደግሞ አፈረ።

ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ከዚያ ፎቶ ብቻ ላክልኝ ብዬ ስለምንህ ፎቶው መጣ። ጋሼ፣ እማዬ በዚህ ፎቶ ላይ የለበሰችው ሹራብ እኔ ስሄድ ከትከሻዋ አውልቃ የሰጠችኝ ነው። አሁን ይህን ስጽፍልህ ለብሼዋለሁ። ሰው አይቀልዱበትም አልልህም፤ አንተ ካልቀለድክብኝ ማን ይቀልድብኛል። ግን እንዴት ረሳኸው?

ጥር ደረሰ። ትራመዳለች ወይ? እኔ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አውጥቻለሁ። አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ፤ «ነይ» በለኝ።

የእህትህ ልጅ


የካቲት 2

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ።

ፎቶው ጥፋቴ ነው። ያገኘሁትን ነው የላክሁት።

ድንጋዩን በተመለከተ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ጀርባውንም ክፈቺው። ዙሪያውን ሁሉ። ሰው ከየትም አቅጣጫ ቢያየው ክሪስታል እንዲሆን። ጊዜ ይወስዳል፤ አትቸኩዪ። ጥር ለእናትሽ አልበቃም፤ ሐኪሙ ወደ ሚያዝያ ገደማ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ትንሽ ነው የቀራት። ሚያዝያ ደግሞ ለመንገድም ጥሩ ነው፤ አየሩም ደህና ነው።

ሊፍቱ ደህና ነው። ሰዎች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

አጎትሽ


የካቲት 19

ይድረስ ለእርስዎ፣

እንደምን አሉ።

ጀርባውን ክፈቺ አሉኝ። ለክሪስታል ጀርባው ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ገና መጻፍ ሳልችል ጠረጴዛዎ ሥር ተቀምጬ የሰማሁት የመጀመሪያ ሕግ ነው። የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ አያዝም፤ እርስዎ ደግሞ ያውቃሉ። ደብዳቤውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። «ምናልባት እኔ የማላየው ነገር አይቶ ይሆናል» አልኩና ከፈትኩት። አላምንዎትም ብዬ ከማስብ ድንጋዩ እንዲላቀቅ መረጥኩ። ተላቀቀ። መዳፌ ላይ ነው። እብነ በረዱ ባዶ ጎድጓዳ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ አለ።

በማግስቱ አንድ ነጋዴ እንድናጸዳለት አንድ ሣጥን ድንጋይ ላከልን። አለቃዬ ለእኔ ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ወረቀት ስገልጥ የእርስዎ ትልቁ ድንጋይ ነው፤ እኔ በልጅነቴ ጥዬው ጫፉን በጥፍር ቀለም የለጠፍኩት፣ እርስዎም «ቁስሉ ነው፤ አይነካም» ብለው እንደዚያው የተዉት። ሁለተኛውንም አወቅኩት። ሦስተኛውንም። ሁሉም ናቸው። እያንዳንዱን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩና ቁም ሳጥንዎ ፊት ለፊቴ ቆመ።

ጋሼ፣ አንድ ድንጋይ ከመሸጥ ሞትን የሚመርጡ ሰው ነዎት። ሁሉን የሸጡት ለምንድን ነው? እናቴ ምን ሆናለች?

መልስ አልጠብቅም። እሑድ እነሳለሁ።


የካቲት 19

መርፌዬ፣

ይህን ደብዳቤ እንዳገኘሽ ተነሺ። ድንጋዩን ተዪው። የትም ይድረስ። እንዳለሽ ነይ፤ ጫማሽን ብቻ አጥልቀሽ ነይ። እኔ ተሳስቻለሁ፤ ስትመጪ ትሰድቢኛለሽ። ትናንት ማታ ትንፋሿ ተለወጠ። ስልክ ብደውል አላነሳሽም፤ የሥራ ቦታሽን ቁጥር ደግሞ የምታውቀው እሷ ነበረች። ነይ ልጄ።

አጎትሽ


መጋቢት 24

ለጋሼ፣

ሰላም ለአንተ።

«ነይ» ያልክበት ደብዳቤ ስመለስ በሩ ሥር ጠበቀኝ። በመንገድ ላይ ተላልፈናል።

ግቢ ስገባ የለቅሶውን ወንበሮች እየሰበሰባችሁ ነበር። አንተ ሁለት ወንበር በሁለት እጅህ ይዘህ ቆመህ ስታየኝ ወንበሮቹን አላስቀመጥካቸውም። ያን መልክህን አልረሳውም። አንድም ቃል ሳልናገርህ የሰነበትኩት፣ ስሄድም የጥርስ ሐኪሙን ሻንጣዬን ያሸከምኩት፣ ብናገር ምን እንደምልህ ስለማላውቅ ነው። እሱ ጣቢያው ድረስ እያለቀሰ ሄደ፤ ድንጋዮቹን ራሱ ከአንተ ሊገዛ ፈልጎ «ካንተ ጋር ከሆኑማ በየቀኑ አያቸዋለሁ» ብለህ እንደከለከልከው ነገረኝ።

እዚህ ከተመለስኩ ጀምሮ ስቆጣህ ነበር። ትናንት ግን አንድ ነገር ገባኝ። ማን ነበር የያዘኝ? በኅዳር ዕረፍት ነበረኝ፤ ፈቃድ ነበረኝ፤ እግር ነበረኝ። «ልምጣ?» ብዬ እጠይቅህ ነበር እንጂ አልመጣሁም። ባዶ እጄን መግባት አፍሬ ነበር። አምስት ዓመት ቀርታ ምን ይዛ መጣች እንዳልባል፣ ያለቀ ነገር ይዤ በሩ ላይ ልቆም ፈልጌ ነበር። አንተ እሷን እስክትድን ሸሸግክ፤ እኔ ራሴን እስክጨርስ ሸሸግኩ። ያሳደግከኝ አንተ ነህ፤ ከማን እማረው ነበር?

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እማዬ በነዚያ ወራት እንዴት እንደነበረች ጻፍልኝ። ሁሉን፤ አስቀያሚውንም። አታሳምረው፣ አታጽዳው፣ አታስቀኝ። እኔ አልነበርኩምና ቢያንስ ልወቀው።

የእህትህ ልጅ


ሚያዝያ 15

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። «አንተ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ ፈጣሪ ያክብርሽ። ያ «እርስዎ» እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

እንዳለ እጽፋለሁ።

የወደቀችው ስፌት መኪናው አጠገብ ነው። ስደርስ ጨርቁ በመኪናው መርፌ ሥር እንደተያዘ ነበር። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ አፏም ወደ አንድ ወገን ሄደ። ሾርባ ሳጎርሳት በአገጯ ይወርዳል፤ ስጠርግላት በግራ እጇ ትመታኛለች። ደህና አድርጋ ነበር የምትመታኝ። ጸጉሯን የማበጥረው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አጣምሜ ከፍዬው መስታወት ስይዝላት አይታ ሳቀች፤ በዚያው ወደ ልቅሶ ዞረባት። ልብሷን የምታጥብልን ጎረቤት እስክትመጣ ድረስ በእርጥብ አንሶላ ያደረችባቸው ሌሊቶች አሉ፤ እኔ አንሶላ መለወጥ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ኳሷን አንድ ቀን እንኳ ጨብጣው አታውቅም። መዳፏ ውስጥ አስቀምጥላታለሁ፤ ተንከባሎ ይወድቃል፤ አንስቼ አስቀምጥላታለሁ። እሷ ታየኛለች።

ሳቂታው ሐኪም በጥር ትራመዳለች ያለው በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። በኅዳር መሳቁን ትቷል። እኔ ግን የመጀመሪያ ቃሉን ይዤ ቀረሁ። ድንጋዮቹን የሸጥኩት አካል የምታፍታታ ባለሙያ ቤት እየመጣች እንድትሠራት ነው። ጎበዝ ነበረች፤ የሠራችው ግን አልያዘም። አንድ ድንጋይ በሄደ ቁጥር «ይኼኛው ያስነሳታል» እል ነበር። ቁም ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ነው ጀርባውን ክፈቺ ብዬ የጻፍኩልሽ። አውቄ ነው። ጊዜ እንዲወስድብሽ ነው። ትንሽ ጊዜ ብቻ የቀረኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ የቀረኝ አለ። ጎረቤቶችም አልነገሩሽም፤ እኔ አደራ ብያቸው ነው።

ንግግር ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ጠፍቷት ነበር። «ካልሲ ደርቢ» ያልኩሽ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ከአንቺው ደብዳቤ የወሰድኩት። ቃል ሁሉ ሄዶባት አንድ ብቻ ቀረላት። ሐኪሙ አንዳንዱ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል፣ አንድ ቃል ይተርፋል አለኝ። የተረፈላት ስምሽ ነው። ውሃ ሲጠማት ስምሽን ትላለች። ማንኪያው ስምሽ ነበር፤ ትራሱም ስምሽ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ሲቆም በስምሽ ግባ ትለዋለች፤ ብዙ ሲቀመጥባት በስምሽ ሂድ ትለዋለች። እኔን ደግሞ በስምሽ ትሰድበኝ ነበር፤ እንዴት እንደምትሰድብ ታውቂያለሽ፣ አንዱም ሳይጎድል ይገባኝ ነበር። ሰው ሲረዳት ደስ ይላታል፤ ሲሳሳት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያንኑ ትደግመዋለች።

ይህን ብጽፍልሽ በዚያው ቀን እንደምትነሺ አውቅ ነበር። ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው። በደህና ቀኗ ትጥራሽ፣ ለውሃ ሳይሆን ለአንቺ ትጥራሽ ብዬ። ብትመጪ ኖሮ ቃሉ አንድ ቀን እንኳ ባለቤቱን ያገኝ እንደነበር ያሰብኩት ወንበሮቹን ይዤ ሳይሽ ነው።

በመጨረሻው ጠዋት ነቅታ ወደ መስኮቱ ዞረች። መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። ስምሽን አለች፤ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ። ተነሥቼ ከፈትኩላት።

አጎትሽ